የፒካፕ መኪና የነዳጅ ፍጆታ፦ በመግለጫ ወረቀትና በመርካቶ መንገድ

የፒካፕ መኪና የነዳጅ ፍጆታ አንድ ፒካፕ የተወሰነ ርቀት ለመጓዝ የሚያቃጥለው የናፍጣ ወይም የቤንዚን መጠን ነው። ይህ መጠን በሁለት መልኩ ይነገራል። አንደኛው አምራቹ በላቦራቶሪ ለክቶ በመኪናው መግለጫ ላይ የሚያሰፍረው ቁጥር ሲሆን፣ ሁለተኛው መኪናው በዕለት ተዕለት ሥራው በእርግጥ የሚወስደው ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱ ፍጆታ ከወረቀቱ ይበልጣል፤ ጭነት በሚያዘወትሩ፣ በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ በሚመላለሱና ዳገት በሚወጡ ፒካፖች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ እነዚህ ሦስት ሁኔታዎች በአንድ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ስለዚህ በወረቀትና በመንገድ መካከል ያለው ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ፒካፕ በመርካቶ

ፒካፕ ከፊት ጋቢና፣ ከኋላ ክፍት የጭነት ቦታ ያለው ቀላል መኪና ነው። አንድ ረድፍ መቀመጫ ያለው ሲንግል ጋቢና፣ ሁለት ረድፍ ያለው ደብል ጋቢና ይባላል። በኢትዮጵያ በብዛት ከሚታወቁት መካከል ቶዮታ ሃይሉክስ፣ አይሱዙ ዲማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200 እና ፎርድ ሬንጀር ይገኙበታል። አዲስ አበባ ፒካፕን ለሰው ማመላለሻም ተጠቅማበታለች። «ውይይት» ይባሉ የነበሩት ታክሲዎች በፒካፕ ላይ ሽፋንና ትይዩ አግዳሚ ወንበሮች ተሠርቶላቸው ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡባቸው ነበሩ።

መርካቶ የአሁን ቦታውን የያዘው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941) ሲሆን፣ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ ነው። ስሙም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። የመኪና ሥራ ቋንቋም ብዙ ቃል ከዚያው ቋንቋ ወርሷል፤ ናፍጣ፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ጋቢና፣ ኮፈን እና ፍሪሲዮን ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ዛሬ መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ ንግድ ይታወቃል። ፒካፖች ደግሞ ዕቃ ከጅምላ ሱቆች ወደ ልዩ ልዩ የከተማዋ ክፍሎች ያመላልሳሉ።

መለኪያው

የነዳጅ ፍጆታ በሁለት ዓይነት አገላለጽ ይነገራል። በኢትዮጵያ ሹፌሮችና ባለንብረቶች ዘንድ የተለመደው «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚለው ነው። በአውሮፓ መግለጫዎች ላይ ግን የሚጻፈው 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው ሊትር ነው። አንዱን ወደ ሌላው ለመለወጥ 100ን ለታወቀው ቁጥር ማካፈል ይበቃል፦

- በሊትር 6 ኪ.ሜ. ማለት በ100 ኪ.ሜ. 16.7 ሊትር
- በሊትር 8 ኪ.ሜ. ማለት በ100 ኪ.ሜ. 12.5 ሊትር
- በሊትር 10 ኪ.ሜ. ማለት በ100 ኪ.ሜ. 10 ሊትር
- በሊትር 12 ኪ.ሜ. ማለት በ100 ኪ.ሜ. 8.3 ሊትር
- በሊትር 14 ኪ.ሜ. ማለት በ100 ኪ.ሜ. 7.1 ሊትር

ከዝርዝሩ አንድ ጠቃሚ ነገር ይታያል። ከ6 ወደ 8 ኪ.ሜ. መሻሻልና ከ12 ወደ 14 ኪ.ሜ. መሻሻል ሁለቱም የ2 ኪ.ሜ. ለውጥ ቢመስሉም እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው በ100 ኪ.ሜ. ከ4 ሊትር በላይ ሲያድን ሁለተኛው የሚያድነው 1.2 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ነዳጅ የሚወስድ የጭነት ፒካፕ ላይ የሚደረግ ትንሽ ማሻሻያ፣ ነዳጅ ቆጣቢ በሆነች አነስተኛ አውቶሞቢል ላይ ከሚደረገው የበለጠ ዋጋ አለው ማለት ነው።

የአምራቹ ቁጥር ከየት ይመጣል

በመግለጫ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር የሚገኘው መኪናው በእውነተኛ መንገድ ላይ ተነድቶ አይደለም። መኪናው በላቦራቶሪ ውስጥ በሚሽከረከሩ ሮለሮች ላይ ይቆምና አስቀድሞ የተወሰነ የፍጥነት ዑደት እንዲከተል ይደረጋል። ሮለሮቹ የአየሩንና የጎማውን ተቃውሞ ያህል ኃይል እንዲጠይቁ ይስተካከላሉ። ይህ ተቃውሞ የሚታወቀው መኪናውን በሙከራ ሜዳ ላይ በፍጥነት ነድቶ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ በራሱ እስኪቀዘቅዝ የሚፈጀውን ጊዜ በመለካት ነው። የዚህ አሠራር ጥቅም ሁሉም መኪናዎች በአንድ ሚዛን እንዲመዘኑ ማድረጉ ነው። ስለዚህ የወረቀቱ ቁጥር ዋና አገልግሎት አንዱን መኪና ከሌላው ማወዳደር ነው።

ዑደቶቹ ግን እንደየአገሩና እንደየዘመኑ ይለያያሉ።

የቀድሞው የአውሮፓ ዑደት፣ በምኅጻረ ቃል ኤን.ኢ.ዲ.ሲ. የሚባለው፣ 11 ኪ.ሜ. ያህል ርቀትና 20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ነበረው። አማካይ ፍጥነቱ 33.6፣ ከፍተኛው ደግሞ 120 ኪ.ሜ. በሰዓት ነበር። አነዳዱ እጅግ የለዘበ ነበር፤ ለምሳሌ በከተማው ክፍል መኪናው ከቆመበት ተነስቶ 50 ኪ.ሜ. በሰዓት እስኪደርስ 26 ሴኮንድ ይሰጠዋል። ከኋላው ተሽከርካሪ እየጠበቀው በዚህ ዝግታ የሚነሳ ሹፌር ጥቂት ነው።

ይህን የተካው ደብሊው.ኤል.ቲ.ፒ. የተባለው ዓለም አቀፍ አሠራር ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ የመኪና ዓይነቶች ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ርቀቱ 23.25 ኪ.ሜ.፣ ጊዜው 30 ደቂቃ፣ አማካይ ፍጥነቱ 46.5፣ ከፍተኛው 131 ኪ.ሜ. በሰዓት ነው። ከቀድሞው ይልቅ ለእውነታው ቢቀርብም የሚለካው በሜዳማ ሁኔታ ነው።

በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የሚያወጣው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ጠንከር ያለ ነው። ኤጀንሲው ነጂዎች የወረቀቱን ቁጥር ማግኘት እንዳልቻሉ በመገንዘቡ ከ1985 ሞዴል ጀምሮ የላቦራቶሪውን ውጤት በከተማ 10 በመቶ፣ በአውራ ጎዳና 22 በመቶ ቀንሶ ማሳተም ጀመረ። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ፈጣን አነዳድን፣ የአየር ማቀዝቀዣን እና ቅዝቃዜን የሚፈትኑ ሦስት ዑደቶች ተጨምረዋል።

አንድ ዓይነት መኪና በተለያየ ዑደት ሲለካ የተለያየ ቁጥር ይኖረዋል። ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተርና አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ቶዮታ ሃይሉክስ በአውስትራሊያ የድሮውን የአውሮፓ ዑደት በሚከተለው መለኪያ በ100 ኪ.ሜ. 8 ሊትር ገደማ ሲጻፍለት፣ በአዲሱ የአውሮፓ መለኪያ ግን ከ9 እስከ 10 ሊትር ገደማ ይጻፍለታል። መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡ መኪናዎች ለተለያዩ አገሮች ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ሁለት መግለጫዎችን ከማወዳደር በፊት ቁጥሮቹ በየትኛው ዑደት እንደተገኙ ማወቅ ያስፈልጋል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው

በአውሮፓ የተካሄዱ ጥናቶች ልዩነቱ ለረጅም ጊዜ እየሰፋ እንደመጣ አሳይተዋል። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት ባወጣው ትንተና መሠረት የአዳዲስ አውቶሞቢሎች የመንገድ ፍጆታ በ2001 እ.ኤ.አ. ከወረቀቱ በ8 በመቶ ያህል ይበልጥ የነበረ ሲሆን፣ በ2017 ልዩነቱ ወደ 39 በመቶ ደርሷል። መለኪያው ሳይለወጥ ልዩነቱ የሰፋበት ዋና ምክንያት አምራቾች መኪናዎቻቸውን ለፈተናው እያመቻቹ መሥራታቸውና በደንቡ ውስጥ ባሉ ክፍተቶች መጠቀማቸው ነው።

ከ2021 ጀምሮ በአውሮፓ የሚመዘገቡ አዳዲስ መኪናዎች የተጠቀሙትን ነዳጅ ራሳቸው እንዲመዘግቡ ተደርጓል። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በአዲሱ መለኪያም ቢሆን የቤንዚን መኪናዎች ከወረቀቱ 24 በመቶ ያህል፣ የናፍጣ መኪናዎች ደግሞ 18 በመቶ ያህል በላይ ይወስዳሉ።

አንዳንድ ጊዜ ልዩነቱ ከአሠራሩ ሳይሆን ከተሳሳተ መረጃ ይመጣል። ሃዩንዳይ እና ኪያ በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለ900,000 ገደማ መኪናዎች የሰጡትን ቁጥር ዝቅ አድርገው እንዲያርሙ ተደርገው፣ በ2014 የ100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምተዋል። ሚትሱቢሺ ሞተርስ ደግሞ በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. በጃፓን በተሸጡ አነስተኛ መኪናዎች ላይ የፍጆታ መረጃ መዛባቱን አምኗል። በሁለቱም ጉዳዮች ችግሩ የነበረው ከላይ በተጠቀሰው የአየርና የጎማ ተቃውሞ መለኪያ ላይ ነው።

ፒካፕን የሚለየው

ፒካፕ ላይ ከሌሎች መኪናዎች የተለዩ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ጭነት ነው። አንድ ደብል ጋቢና ፒካፕ ባዶውን 2 ቶን ያህል ሲመዝን፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1 ቶን ድረስ እንዲጭን ይፈቀድለታል። በቀድሞው የአውሮፓ መለኪያ የሚፈተነው ከሹፌሩና ከጥቂት ተጨማሪ ክብደት ጋር ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ነበር። አዲሱ መለኪያ ለቀላል የጭነት መኪናዎች የሚያስበው የመጫን አቅማቸውን 28 በመቶ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ የሚሠራ ፒካፕ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተለካም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ቅርጽ ነው። ፒካፕ ከፍ ያለና ሰፊ ግንባር ስላለው በፍጥነት ሲሄድ አየር ይከብደዋል። ከጋቢናው በላይ የተቆለለ ዕቃ ይህን ያባብሰዋል። ብዙዎች የኋላውን በር ማውረድ አየሩን በማሳለፍ ነዳጅ ይቆጥባል ብለው ያምናሉ፤ በተደጋጋሚ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ተቃራኒውን አሳይተዋል። በሩ ሲዘጋ በጭነት ቦታው ውስጥ የሚሽከረከር አየር ይታቆርና ከላይ የሚያልፈው ነፋስ በእሱ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። በሩ ሲወርድ ይህ ትራስ ይፈርሳል።

ሦስተኛው የአራት ጎማ ግፊት ነው። ይህ መሣሪያ ሥራ ላይ ባይሆንም ክብደት ይጨምራል። በደረቅ አስፋልት ላይ ሲያያዝ ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማዎች እርስ በርስ ስለሚጎታተቱ ነዳጅ ያባክናል፣ ጎማና ማርሽም ይጎዳል።

የመርካቶ መንገድ ምን ይጨምራል

መቆምና መነሳት። 3 ቶን የሚመዝን የተጫነ ፒካፕን ከቆመበት አንስቶ 30 ኪ.ሜ. በሰዓት ለማድረስ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ናፍጣ ያስፈልጋል። ፍሬን ሲያዝ ይህ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እግረኛ፣ ተሸካሚና ጋሪ በሚተላለፍበት መንገድ አንድ ፒካፕ በቀን 100 ጊዜ ቢቆምና ቢነሳ ለዚህ ብቻ 1 ሊትር ገደማ ያወጣል። ጠጋ ብሎ የቀደመውን መኪና ከመከተል ይልቅ ርቀት ጠብቆ በዝግታ መንከባለል የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተር አስነስቶ መጠበቅ። መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ ላይ ያለ የፒካፕ ናፍጣ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል ይወስዳል። መኪናው ዕቃ እስኪጫን ወይም መንገድ እስኪከፈት በቀን 2 ሰዓት ሞተሩ ሳይጠፋ ቢቆም በ25 የሥራ ቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አንድም አይጨምርም።

ዳገት። አዲስ አበባ ከሰሜን የእንጦጦ ተራራ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ጀምራ በደቡብ ወደ አቃቂ፣ ወደ 2,100 ሜትር አካባቢ ትወርዳለች። ከቃሊቲ አካባቢ ወደ መርካቶ የሚመጣ መኪና በጠቅላላው 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። 3 ቶን የሚመዝን ፒካፕ ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ መንገዱን ከመጓዝ በተጨማሪ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈልጋል። ባዶውን ቢሆን 0.36 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። በመልስ ጉዞ ቁልቁለቱ ይህን ሙሉ በሙሉ አይክስም፤ ምክንያቱም በትራፊክ መሃል ቁልቁል የሚወርድ መኪና ጉልበቱን በፍሬን ያጠፋዋል።

ከፍታ። በመርካቶ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ስለሚያጣ ሹፌሩ ከባድ ማርሽ ለመጠቀምና ነዳጅ አብዝቶ ለመስጠት ይገደዳል። የናፍጣ ፓምፑ ለከፍታው ካልተስተካከለ ከአየሩ በላይ ነዳጅ ይገባና በከፊል ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦና ኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ይህን በአብዛኛው ያካክሱታል። አውሮፓ የጭስ ልቀትን በመንገድ ላይ የምትፈትንበት ደንብ እንኳ ከ1,300 ሜትር ከፍታ በላይ አይሄድም።

ከፍታው ጥቅምም አለው። ስስ አየር በአውራ ጎዳና ላይ የነፋሱን ተቃውሞ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ አየር ለዘብ ያለ በመሆኑም ማቀዝቀዣ ብዙ አያስፈልግም። ስለዚህ ባዶውን ከከተማ ወጥቶ በመጠነኛ ፍጥነት የሚሄድ ፒካፕ ወደ ወረቀቱ ቁጥር ሊጠጋ፣ አንዳንዴም ሊደርስበት ይችላል። ያው መኪና መርካቶ ውስጥ ሲውል ሌላ መኪና የሆነ ይመስላል።

ጥገናና ጎማ። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ነዳጅ መርጫ፣ የሚይዝ ፍሬን እና የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን ፍጆታን ይጨምራሉ። የጎማ ነፋስ ሲያንስም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ መንግሥት ግምት መሠረት የአራቱም ጎማ ነፋስ በ1 ፒ.ኤስ.አይ. በቀነሰ ቁጥር ፍጆታው በአማካይ 0.2 በመቶ ይጨምራል። ከመደበኛው በ5 በመቶ የሚበልጥ ዙሪያ ያለው ጎማ የተገጠመለት መኪና ደግሞ ቆጣሪው 100 ኪ.ሜ. ሲያሳይ በእርግጥ የሄደው 105 ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከእውነታው በላይ ነዳጅ የሚበላ ይመስላል።

በትክክል መለካት

አስተማማኙና ርካሹ ዘዴ ከሙሉ እስከ ሙሉ መለካት ነው። የነዳጅ ሰልባትዮው ማደያ ላይ ተሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይመዘገባል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና ተሞልቶ የተጨመረው ሊትር ይጻፋል። ለምሳሌ 412 ኪ.ሜ. ተሂዶ 47 ሊትር ከገባ፣ 412 ለ47 ሲካፈል በሊትር 8.8 ኪ.ሜ. ይሆናል።

ውጤቱ እንዳይሳሳት የሚከተሉት ይጠቅማሉ፦

- በተቻለ መጠን በአንድ ማደያና በአንድ ፓምፕ መሙላት፣ ፓምፑ መጀመሪያ ራሱን ሲያቋርጥ ማቆም
- አንድ ጊዜ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ
- ቆጣሪው በማይል ወይም በኪሎ ሜትር መሆኑን ማረጋገጥ
- የጭነት ቀንና የባዶ ቀን፣ የከተማና የአውራ ጎዳና ጉዞን ለይቶ መመዝገብ

የነዳጅ ጠቋሚው መርፌ ለዚህ አይሆንም፤ የሰልባትዮው ቅርጽ ወጥ ስላልሆነ ግማሽ ሲያሳይ የግድ ግማሽ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ግብይት በቴሌብርና በመሳሰሉት ዲጂታል መንገዶች እንዲከፈል መደረጉ ደግሞ እያንዳንዱ ቅጂ ቀኑና ሒሳቡ ተመዝግቦ እንዲገኝ ረድቷል።

ልዩነቱ የሚያስከትለው

በወረቀትና በመንገድ መካከል ያለው ልዩነት ከባለንብረቱ ኪስ አልፎ የሰዎችን መተማመን ይነካል። መኪና ያላቸው መሥሪያ ቤቶችና ነጋዴዎች ለሹፌር ነዳጅ የሚመድቡት በሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር በሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ከመግለጫ ወረቀት ከተወሰደ ግን ሹፌሩ ገና ሳይነሳ ባለዕዳ ይሆናል። ለምሳሌ በወረቀት በ100 ኪ.ሜ. 8 ሊትር የተባለ ፒካፕ በወር 1,500 ኪ.ሜ. ቢሄድ 120 ሊትር ይበቃዋል ተብሎ ይታሰባል። በመንገድ ላይ ያለው ፍጆታ በ40 በመቶ ከበለጠ የሚያስፈልገው 168 ሊትር ነው። የጎደለው 48 ሊትር ተሰርቋል የሚል ጥርጣሬ በቀላሉ ይነሳል። በሌላ በኩል ትክክለኛ ልኬት የሌለው ባለንብረት እውነተኛ ስርቆትንም ሆነ የሞተር ብልሽትን ከመደበኛው ፍጆታ መለየት አይችልም። ሹፌሩና ባለንብረቱ አብረው፣ በሚሠሩበት መንገድና ጭነት ከሙሉ እስከ ሙሉ ለክተው የተስማሙበት ቁጥር ሁለቱንም ይጠብቃል።

የጭነት ዋጋም በዚሁ ይወሰናል። በወረቀቱ ቁጥር ተመሥርቶ የኪራይ ዋጋ የቆረጠ ባለ ፒካፕ ትርፍ ያገኘ መስሎት በነዳጅ ሊከስር ይችላል።

በአገር ደረጃ ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን የተጣራ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ታስገባለች። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ በየደረጃው እየተነሳ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲያተኩር በመደረጉ፣ የሊትሩ ዋጋ በባለ ጭነት መኪናዎች ላይ በይበልጥ አርፏል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል።

የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚህ ልዩነት ነጻ አይደሉም፤ በአንድ ሙሉ ቻርጅ ይሄዳሉ የሚባለው ርቀት የሚገኘው በተመሳሳይ ዑደቶች ነው። ሆኖም መቆምና መነሳት በበዛበት መንገድ የሚደርስባቸው ብክነት አነስተኛ ነው፤ ፍሬን ሲያዝና ቁልቁለት ሲወረድ የሚጠፋውን ጉልበት በከፊል ወደ ባትሪ ይመልሱታል፣ ቆመው ሲጠብቁም የሚያቃጥሉት ነዳጅ የለም። ጭነትና ዳገት ግን እነሱንም ይፈትናል፤ ስለዚህ በየመንገዱ ለክቶ የማወቅ አስፈላጊነት ለእነሱም ይቀጥላል።